የላስታን ጽድ ከክሽክሽ መጠበቅ፦ ከአጥርና ከችግኝ ጣቢያ የሚጀምር መመሪያ

የሐበሻ ጽድ ለላስታ ምን እንደሆነ ለመረዳት ይምርሐነ ክርስቶስን ማየት ይበቃል። ከላሊበላ በስተሰሜን ምሥራቅ ባለው ዋሻ ውስጥ የቆመው ይህ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳው እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቁበት የተሠራ ነው፤ ዋሻውን የከበበውም ያረጀ የጽድ ደን ነው። በዙሪያው ያለው ተራራና ኮረብታ በእርሻ፣ በግጦሽና በማገዶ ሲራቆት እነዚህ ዛፎች የተረፉት ቤተ ክርስቲያን ስለጠበቀቻቸው ነው። የሚጠብቃቸው ሥርዓት ግን የተሠራው መጥረቢያንና ከብትን ለመከልከል ነው። ውግዘት ሰውን ያስቆማል፣ ካብ ከብትን ያስቆማል። ርዝመቱ ከጥቂት ሚሊሜትር የማያልፍ፣ ነፋስ የሚያነሳው፣ በችግኝ ላይ ተሳፍሮ የሚመጣ ተባይ ሲነሳ ግን ሁለቱም አይመልሱትም። ይህ መመሪያ የተጻፈው በጥንቱ ጥበቃ ላይ የጎደለውን ለመጨመር ነው።

ተባዩ የጽድ ክሽክሽ ነው። ገበሬ በጎመንና በገብስ ላይ ከሚያውቀው ክሽክሽ ጋር ዘመድ ነው፤ የሚኖረው ግን በጽድና በጽድ ዘመዶች ላይ ብቻ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ሲናራ ኩፕረሲቮራ ይባላል፣ መነሻውም ከምሥራቅ ግሪክ እስከ ካስፒያን ባሕር ባለው አካባቢ እንደሆነ ይታመናል። ከሰሐራ በታች ባለው የአፍሪካ ክፍል መጀመሪያ የታየው በማላዊ በ1986 (እ.ኤ.አ.) ነበር፤ በ1990 (እ.ኤ.አ.) ኬንያ ደረሰ። በማላዊ ሙላንጄ ተራራ ላይ ብቻ የሚበቅለውን የአገሪቱን ብሔራዊ ዛፍ አጠቃ፤ በኬንያ የፈረንጅ ጽድ ተክሎችንና የአጥር ዛፎችን አደረቀ፣ የሐበሻ ጽድንም አልማረም። ከ2000 (እ.ኤ.አ.) በኋላ ደግሞ በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች በፈረንጅ ጽድም በሐበሻ ጽድም ላይ ተመዝግቧል።

ጉዳቱ ከመጠኑ ጋር አይመጣጠንም። ክሽክሹ ምላሱን በቀጭን ቅርንጫፍ ልጥ ውስጥ ሰክቶ የዛፉን ጭማቂ ይመጥጣል፤ ሲመጥጥም የሚለቀው ምራቅ ለዛፉ መርዝ ስለሆነ የተነካው ቅርንጫፍ ይጠወልጋል፣ ቡናማ ይሆናል፣ ይደርቃል። እንደ እኛ ባለ ሞቃታማ ቀጠና ሴቷ ወንድ ሳያስፈልጋት ልጆቿን በሕይወት ትወልዳለች፤ ስለዚህ ጥቂት ክሽክሾች በሳምንታት ውስጥ ቅርንጫፍ ይሞላሉ። ሲጨናነቁ ክንፍ ያላቸው ይወለዱና በነፋስ ወደ ሌላ ዛፍ ይሻገራሉ። ጽድ ደግሞ እንደ ባሕር ዛፍ ከጉቶው አያቆጠቁጥም፤ ቅጠሉ ከረገፈ አሮጌ እንጨት ላይም አዲስ ቅጠል አያወጣም። የደረቀው ቅርንጫፍ እንደደረቀ ይቀራል ማለት ነው። ዛፉን የሚያተርፈው ገና አረንጓዴ የሆነው ክፍል ብቻ ነው፤ ጥበቃው ቀድሞ መድረስ ያለበትም በዚህ ምክንያት ነው።

የዚህ መመሪያ ዋና ነጥብ የሚከተለው ነው፦ ተባዩ ወደ አሮጌው የደብር ጽድ የሚደርስበትን መንገድ በአብዛኛው የምንሠራለት እኛው ነን። መንገዱ በግቢ ዙሪያ የተተከለው የፈረንጅ ጽድ አጥር፣ ከሩቅ በመኪና የሚመጣው ችግኝና ከተባዩ ጋር የሚጓጓዘው እርጥብ እንጨት ነው። ሰላሳ ሜትር የሚደርስ ዛፍ ጫፍ ላይ ወጥቶ ክሽክሽን መልቀም አይቻልም፤ አጥሩንና ችግኙን መቆጣጠር ግን ይቻላል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች የሚጀምሩት ከሚደረስበት ቦታ ነው። መመሪያው ለሰበካ ጉባኤ አባላት፣ ለደን ጠባቂዎች፣ ለቀበሌ የግብርና ባለሙያዎች፣ ለመምህራንና በግቢያቸው ጽድ ላላቸው ሁሉ ነው። የሚያስፈልገው ዕቃም ትንሽ ነው፦ ነጭ ጨርቅ፣ አጭር በትር፣ ማጉያ መነጽር፣ ደብተርና እርሳስ፣ ክዳኑ የሚጠብቅ ትንሽ ጠርሙስና የሕክምና አልኮል።

አንደኛ ደረጃ፦ በግቢዎ ያለውን ጽድ ይመዝግቡ

መጀመሪያ የሐበሻውንና የፈረንጁን ጽድ ለይተው ይወቁ። የሐበሻ ጽድ ፍሬው አተር የሚያህል ለስላሳ እንክብል ሲሆን ሲበስል ወደ ሰማያዊ ጥቁርነት ይለወጣል፤ የፈረንጅ ጽድ ፍሬ ግን ደረቅ፣ በቅርፊቶች የተከፋፈለና ሲበስል የሚሰነጠቅ ነው። ፍሬ ከሌለ ልጡን ይዩ፤ የሐበሻው በቀጫጭን ሪባን እየተላጠ ይወርዳል። ከዚያ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ የግቢውን ንድፍ ይሳሉ። ቤተ ክርስቲያኑን፣ ካቡን፣ መንገዱን፣ የፈረንጅ ጽድ አጥር ያለበትን ጎን፣ የችግኝ መደብ ካለ እሱን፣ የሐበሻ ጽዶች በብዛት የቆሙበትን ቦታ ያስፍሩ።

ከዚያ ሃያ ዛፍ ይምረጡ፤ አሥሩ ከፈረንጁ፣ አሥሩ ከሐበሻው ይሁኑ። የፈረንጁን ለመንገድና ለችግኝ መደብ ከሚቀርቡት፣ የሐበሻውን ደግሞ ለአጥሩ ከሚቀርቡት ይምረጡ፤ ተባዩ ቀድሞ የሚታየው እዚያ ነውና። ለእያንዳንዱ ቁጥር ይስጡና በቀለም ወይም በጨርቅ ምልክት ያድርጉበት። ምስማር አይምቱ፤ የምስማር ቁስል ለሻጋታ በር ይከፍታል። በደን ውስጥ ያለውን ዛፍ ሁሉ ማየት ሰው ያሰለቻል፣ የሰለቸ ሥራም ይቋረጣል። ተለይተው የታወቁ ሃያ ዛፎችን በየጊዜው ማየት ግን ለውጡን ያሳያል፤ የሚፈለገውም ለውጡ ነው።

ሁለተኛ ደረጃ፦ የምርመራ ቀን ይቁረጡ

ክሽክሽ የሚበዛው ዝናብ በሌለበት ጊዜ ነው። ከባድ ዝናብ ከቅርንጫፍ ያጥበዋል፣ ዛፉንም ያበረታል፤ በበጋ ግን ዛፉ ውሃ ሲያጥረው ተባዩ ደግሞ ይበዛል። ላስታ ዋናውን ዝናብ የሚያገኘው በክረምት ነው፤ የበልጉ ዝናብ አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ ይቀራል። ስለዚህ በዓመት ሦስት ጊዜ ይመርምሩ፦ በጥቅምት መጨረሻ፣ በጥር አጋማሽና በመጋቢት። የጥቅምቱ ከክረምት በኋላ ምን እንደተረፈ ያሳያል። የጥር ወሩ ተባዩ እየተነሣ መሆኑን ይነግራል። የመጋቢቱ ደግሞ ዛፉ የበጋውን ጫና እንዴት እንደተወጣው ያስረዳል። በልግ ከቀረ በግንቦት አራተኛ ምርመራ ይጨምሩ። ችግኝ የሚያፈላ ወይም የሚቀበል ግቢ በተጨማሪ በሰኔ፣ ችግኙ ወደ ጉድጓድ ከመግባቱ በፊት፣ ሌላ ምርመራ ያስፈልገዋል። ቀኑን ሰው በማይረሳው በዓል ማግስት ቢያደርጉት ሥራው ሳይታጎል ይዘልቃል።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ቅርንጫፉን ከፍተው ይዩ

ዛፍን ከሩቅ አይቶ መፍረድ ትልቁ ስሕተት ነው። ክሽክሹ የሚቀመጠው ከቅርንጫፉ ጫፍ ይልቅ ወደ ውስጥ፣ ቅጠሉ የሚያለብሰው ቀጭን እንጨት ላይ ነው። ቅጠሉን በሁለት እጅ ገለጥ አድርገው የእርሳስ ውፍረት ያለውንና ከዚያ የሚቀጥነውን እንጨት ይመርምሩ። ተባዩ ቡናማ ሆኖ አመድ የመሰለ ዱቄት የተነሰነሰበት ስለሚመስልና ቀለሙ ከልጡ ጋር ስለሚመሳሰል ዐይን በቀላሉ ያልፈዋል፤ አንዱን ካዩ በኋላ ግን በእንጨቱ ስንጥቅ ተደርድረው ተጣብቀው የቆሙትን ሁሉ ያያሉ። እዚያው አካባቢ የተጣለ ነጭ ቅርፊት፣ በእጅ ሲነኩት የሚጣብቅ ጣፋጭ ፈሳሽ፣ በፈሳሹ ላይ የበቀለ ጥላሸት የመሰለ ሻጋታና ፈሳሹን ሊለቅም የሚመላለስ ጉንዳን ካለ ምልክቱ ተሟልቷል።

ዐይንዎን ካላመኑት ነጩን ጨርቅ ከቅርንጫፉ ሥር ይዘርጉና በበትሩ ሦስት ጊዜ መታ መታ ያድርጉ። ክሽክሹ ይረግፋል፤ በነጭ ጨርቅ ላይ ሲራመድም በግልጽ ይታያል። ከእያንዳንዱ ዛፍ በአራቱም አቅጣጫ አንድ አንድ ቅርንጫፍ ይዩና በደብተሩ ላይ ቁጥር ይስጡ፦ ምንም ካልተገኘ ዜሮ፣ አንድ ሁለት ብቻ ከታየ አንድ፣ ተደርድሮ ከተገኘ ሁለት። ከጎኑ ስንት እጅ ቅጠል ቡናማ እንደሆነ ይገምቱና ይጻፉ። ቀይ ሆና ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ትንሽ ክብ ጥንዚዛ፣ ወይም ደግሞ ያበጠና ደርቆ የቀረ የክሽክሽ ቀፎ ካዩ ያንንም ይመዝግቡ። ጥንዚዛዋ ክሽክሽ ትበላለች፤ ቀፎው ደግሞ ትንሽ ተርብ እንቁላሏን ጥላበት ከውስጥ የተበላ ክሽክሽ ነው። ሁለቱም በግቢዎ ያለ ደመወዝ የሚሠሩ ጠባቂዎች ናቸው።

አራተኛ ደረጃ፦ ከሌላው መንስኤ ይለዩ

ቡናማ የሆነ ጽድ ሁሉ በክሽክሽ የተጠቃ አይደለም። የክሽክሽ ጉዳት ብዙ ጊዜ ከታችና ከውስጥ ጀምሮ ወደ ላይና ወደ ውጭ ይሄዳል፤ በአንድ ጎን ብቻ ሊበረታም ይችላል፤ ጎረቤት ያለውን ወይራ አይነካም። ድርቅ ሲሆን ግን ዛፉ በአብዛኛው ከአናቱ ይደርቃል፤ ወይራውና ሌላው ዛፍም አብሮ ይጎዳል። ልጡ ዙሪያውን የተላጠ ወይም ሥሩ የተቆረጠ ዛፍ በአንድ ጊዜ ሁሉም ነገሩ ቡናማ ይሆናል። ተቀጽላ የወጣበት ቅርንጫፍ ከተቀጽላው በላይ ይደርቃል። ግንዱ ላይ ጠንካራ እንጉዳይ መሰል ነገር ከበቀለ ልቡ እየበሰበሰ ነው። ከግንዱ አጠገብ ጥላ የዋለባቸው አሮጌ ቅጠሎች መርገፋቸው ደግሞ የተፈጥሮ ነው። መንስኤውን ሳይለዩ መጥረቢያ ማንሳት የሚድነውን ዛፍ ከማይድነው ጋር መጣል ነው።

እዚህ ላይ ክብደት ያለው ተቃውሞ ይነሣል። በትግራይና በአፋር ድንበር ባለው በደሳ ደን ጽድና ወይራ በሰፊው መድረቃቸው በጥናት ተረጋግጧል፤ በሳዑዲ ዓረቢያ ዐሲር ተራሮችም ይኸው የሐበሻ ጽድ ደርቋል፤ በሁለቱም ቦታ ጎልቶ የሚነሣው መንስኤ የእርጥበት ማነስና የአየር ንብረት ነው። እንግዲያው ጽዱን የሚገድለው ድርቅ ከሆነ ስለ ክሽክሽ መጨነቅ ለምን ያስፈልጋል? መልሱ ሁለቱ ተለያይተው የሚሠሩ አለመሆናቸው ነው። ውሃ ያጠረው ዛፍ የጠፋበትን ቅጠል ለመተካት አቅም የለውም፤ ክሽክሽ የወረሰው ዛፍ ደግሞ ድርቁን የሚሻገርበትን ቅጠል ያጣል። አንዱን ብቻውን የሚችል ዛፍ ሁለቱ ሲደራረቡበት ይወድቃል። ዝናብ ማዝነብ በእጃችን አይደለም፤ በድርቁ ላይ የሚጨመረውን ጫና ማቃለል ግን በእጃችን ነው። ድርቁ እየከፋ ሲሄድ ተባዩን የመቆጣጠር ጥቅም ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

አምስተኛ ደረጃ፦ ናሙና ይያዙና ያሳውቁ

ሁለት ቁጥር የተሰጠው ዛፍ ሲገኝ ከሃያ እስከ ሠላሳ የሚሆኑ ክሽክሾችን በለስላሳ ብሩሽ ወይም በሣር ጫፍ አንስተው አልኮል ባለው ጠርሙስ ውስጥ ይክተቱ። በእርሳስ በተጻፈ ቁራጭ ወረቀት ላይ ቀኑን፣ ቀበሌውንና ደብሩን፣ ዛፉ የሐበሻ ይሁን የፈረንጅ፣ ስንት ዛፍ እንደተጠቃ ጽፈው በጠርሙሱ ውስጥ ያስገቡት፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይለቃል፣ እርሳስ ግን አይለቅም። የተጠቃ ቅርንጫፍ ቆርጦ በእጅ ይዞ ወደ ከተማ መሄድ ተባዩን በየመንገዱ ማደል ስለሆነ አያድርጉት፤ ፎቶግራፍና ጠርሙሱ ይበቃሉ። ናሙናውን በቀበሌው የልማት ሠራተኛ በኩል ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ያድርሱ። በሰሜን ወሎ የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ቅርብ ነው፤ በአገር ደረጃ ደግሞ ጉዳዩ የኢትዮጵያ ደን ልማት ነው። ሰው ብዙ ጊዜ ማሳወቅን የሚተወው «ማን ይሰማኛል» ብሎ ነው። ነገር ግን አገሪቱ ተባይ የት እንደደረሰ የምታውቀው ከቦታው በሚመጣ ናሙና ነው፤ ቀን፣ ቦታና ጠርሙስ ያለው አቤቱታም «ዛፋችን ታመመ» ከሚል ቃል ይልቅ ለመልስ ይቀርባል።

ስድስተኛ ደረጃ፦ በአጥሩና በችግኙ ላይ ይሥሩ

ዋናው ሥራ ይህ ነው። በአጥሩ ላይ ክሽክሽ ከተገኘ በብዛት የተወረሩትን ቅርንጫፎች ቆርጠው ከደኑ ራቅ ባለ ባዶ ቦታ፣ ነፋስ በሌለበት ሰዓት፣ ውሃና ሰው አዘጋጅተው ያቃጥሉ፤ እሳት የሚያሰጋ ከሆነ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ይቅበሩ። እርጥቡን ቅርንጫፍ ለማገዶ ብሎ ወደ ሌላ መንደር መላክ፣ ለድንኳን ማስጌጫ ወይም ለጉዝጓዝ ማዋል ተባዩን ከነልጆቹ መሸኘት ነው። አጥሩን ሲከረክሙ አረንጓዴ ከሆነው ክፍል አይለፉ፤ ወደ አሮጌው እንጨት ከገቡ ተመልሶ አያለብስም።

ችግኝ ሲመጣ ደግሞ ከመኪና ሳይወርድ ይመርምሩት። ከየሳጥኑ የተወሰኑትን አንስተው በነጭ ጨርቅ ላይ መታ ያድርጉ፤ ክሽክሽ ከረገፈ አይቀበሉ። ጥርጣሬ ካለ ከደኑ በራቀ ቦታ ለሦስት ሳምንት ለብቻው አቆይተው ደግመው ይዩት። በችግኝ መደብ ላይ ጥቂት ተባይ ከታየ የሳሙና ውሃ ይሠራል፦ በአሥር ሊትር ውሃ መቶ ግራም ያህል የተፋቀ ተራ የልብስ ሳሙና አሟሙተው፣ ፀሐይ ስትበርድ፣ ተባዩ በቀጥታ እስኪርስ ይርጩ፤ በማግስቱ በንጹሕ ውሃ ያጥቡ፤ ከሳምንት በኋላ ይድገሙ። አስቀድመው በሁለትና በሦስት ችግኝ ላይ ይሞክሩት፤ የዱቄት ሳሙና ቅጠል ስለሚያቃጥል አይጠቀሙበት። ከሁሉ የሚሻለው ግን የሐበሻ ጽድ ችግኝን ከራስ ደን ዘር ማፍላት ነው። ከበርካታ እናት ዛፎች የበሰለ ፍሬ ለቅመው ሥጋውን አሽተው ያጥቡ፤ ዘሩን ውሃ ውስጥ ጨምረው የሚንሳፈፈውን ባዶ ዘር ይጣሉ፤ የሰመጠውን በጥላ ሥር ይዝሩ። ጽድ ለመብቀል ይዘገያል፤ የበቀለው ግን የላስታን ብርድና ድርቅ የለመደ ዘር ነው፣ ባዕድ ተባይም ይዞ አይመጣም።

«ተባዩ በነፋስ የሚመጣ ከሆነ አጥር መመርመር ምን ይፈይዳል?» ይባል ይሆናል። ነፋስ የሚወስደው ጥቂቱን ነው፤ ያም የሚያርፍበት ዛፍ ማግኘት አለበት። ከደኑ ጥግ ድረስ የተዘረጋ የፈረንጅ ጽድ አጥር ካለ ተባዩ ከዛፍ ወደ ዛፍ እየተሸጋገረ ይደርሳል፤ በመካከሉ ወይራና ቀጋ ካለ ግን የሚያርፍበት ያጣል። መኪና ላይ የተጫነ ችግኝ ደግሞ በነፋስ ወራት የሚፈጀውን ጉዞ በአንድ ቀን ያደርሰዋል። አገሪቱ ከውጭ የሚገባ ተክልን የምትቆጣጠርበት የዕፅዋት ኳራንቲን ደንብ ቁጥር 4 በ1992 (እ.ኤ.አ.) ወጥቷል፤ ተባዩ አንዴ ከገባ በኋላ ግን ከወረዳ ወደ ወረዳ የሚሄደውን ችግኝ በር ላይ የሚፈትሸው የግቢው ባለቤት ራሱ ነው።

ሰባተኛ ደረጃ፦ በትልቁ ዛፍ ላይ መርዝ አይርጩ፣ ያበርቱት

ቡናማ የሆነ ጽድ ያየ ሰው የመጀመሪያ ሐሳቡ መድኃኒት መርጨት ነው። ሐሳቡ ከዛፍ ፍቅር የመነጨ ነው፤ ውጤቱ ግን ተቃራኒ ነው። በሰው ትከሻ ላይ የሚታዘል መርጫ የትልቅ ጽድ አናት ላይ አይደርስም፤ ስለዚህ ላይ ያለው ክሽክሽ ይተርፋል፣ ታች ያለችው ጥንዚዛና ተርብ ግን ትሞታለች። ጠላቶቹ የሞቱለት ክሽክሽ ከቀድሞው በፈጠነ ሁኔታ ይራባል። ላስታ የማር አገር ነው፤ ንብ ክሽክሹ የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ልትቀስም ስለምትመጣ መርዙ ወደ ቀፎው ይገባል። ከደኑ ሥር ያለው ጠበልና ምንጭም አለ። ስለዚህ ፀረ ተባይ ከታሰበ ባለሙያ ባዘዘው በተዘጋ የችግኝ መደብ ላይ ብቻ ይሁን።

ትልቁን ዛፍ የሚረዳው እርጥበትና ዕረፍት ነው። የረገፈውን ቅጠል ከሥሩ ጠርገው አይውሰዱ፤ አፈሩን ከፀሐይ ይሸፍናል። ከብትና በጎች ሥሩን እንዳይረግጡ ይከልክሉ። በተዳፋት ላይ ካለ ከዛፉ በላይ በኩል፣ ሥሩን ሳይነኩ፣ ዝናቡን የሚያቆም የግማሽ ጨረቃ እርከን ይሥሩ። ከውቅር አብያተ ክርስቲያናት አጠገብ ግን ቦይም ሆነ ጉድጓድ አይቆፍሩ፤ ወደ ዓለቱ የሚሰርግ ውሃ ቅርሱን ይጎዳልና እዚያ የሚደረግ ማንኛውም ሥራ ከቅርስ ባለሥልጣን ጋር መመከር አለበት። ግማሽ ቅጠሉ ቡናማ የሆነ ነገር ግን ጫፉ አረንጓዴ የሆነ ዛፍ ቢያንስ ሁለት ክረምት ይታገሡት። ፈጽሞ የደረቀውንም ቢሆን መንገድ ወይም ሕንፃ ላይ የሚወድቅ ካልሆነ ይተዉት፤ ሕይወት ያለው ጭማቂ የሌለበት ዛፍ ክሽክሽን አያኖርም፣ ወፎች ግን ይጠለሉበታል።

ሌላው ጥያቄ ክሽክሹን በሌላ ነፍሳት ማጥፋትን ይመለከታል። ይህ ተሞክሮ ውጤት ያሳየ መንገድ ነው፤ ፓውዚያ ጁኒፐሮረም የምትባል ትንሽ ተርብ ከአውሮፓ ተወስዳ በ1994 (እ.ኤ.አ.) በማላዊ ተለቅቃለች፣ በሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ አገሮችም ሥራ ላይ ውላለች። ይህን ማድረግ የሚችለው ግን ተርቧ የአገሩን ሌላ ነፍሳት እንደማትጎዳ ለወራትና ለዓመታት የሚፈትን ተቋም እንጂ ግለሰብ ወይም ድርጅት አይደለም። ለምን ለሚል ሰው በትግራይ የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ቀይ ማቅለሚያ ለማምረት ተብሎ የገባው ኮችኒያል የተባለ ነፍሳት ከታሰበለት ቦታ አልፎ ብዙ ቤተሰብ በክረምት የሚተዳደርበትን የበለስ ቁልቋል በሰፊው አጠፋ። በለስ የውጭ ተክል ነው፤ የሕዝቡ ኪሳራ ግን እውነተኛ ነበር። ነፍሳት አንዴ ከተለቀቀ አይጠራም።

ስምንተኛ ደረጃ፦ አጥሩን ቀስ በቀስ ይለውጡ

የፈረንጅ ጽድ በፍጥነት ያድጋል፣ ግቢ ያሳምራል፣ ግንዱ ይሸጣል፤ ስለዚህ «ይነቀል» ማለት የደብሩን ገቢና የነዋሪውን አጥር መንካት ነው። ተቃውሞው ትክክል ነው፤ ለዚህም ነው ሁሉንም በአንድ ዓመት መንቀል የማይመከረው። ለሐበሻ ጽድ ከሚቀርበው ጎን ይጀምሩ። በየዓመቱ የተወሰነ ርዝመት ብቻ፣ ለመቆረጥ ከደረሰው ጀምረው ይቁረጡ፤ ግንዱን ይሽጡ ወይም ለራስ ሥራ ያውሉ፤ ቅጠሉንና ቀጭኑን እንጨት ግን እዚያው ያስወግዱ። በቦታው ላስታ ሞልቶ በተረፈው ድንጋይ ካብ ይካቡ፣ ከካቡ ውስጥ በኩል ወይራ፣ ቀጋና ክትክታ ይትከሉ፤ ቆላ በሆነው በኩል አጋምም ይሆናል። ከብት የማያልፈው ካብ ጥቅሙ ድርብ ነው፤ በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ ዓለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቻቸው ባደረጉት ጥናት ከብት በማይገባበት ቦታ የአገር በቀል ዛፎች ቡቃያ የተሻለ የመትረፍ ዕድል እንዳለው ታይቷል። አሮጌ ዛፎች ብቻ ያሉት፣ ልጅ የሌለው ደን በተባይ አንዱን ባጣ ቁጥር የሚተካው የለውም።

የማገዶውን ጉዳይም አብረው ያስቡ። የሐበሻ ጽድን ከመጥረቢያ ያተረፈው አንዱ ምክንያት ባሕር ዛፍ መኖሩ ነው። ቀይ ባሕር ዛፍ ግን ራሱ ከአውስትራሊያ በመጡ ተባዮች እየተጠቃ ነው፤ አንዱ የቅጠሉን አውታርና ለጋ ግንዱን የሚያሳብጥ ተርብ ነው። ባሕር ዛፉ ሲዳከም መጥረቢያው ወደ ደብሩ ደን ይመለሳል። ስለዚህ በማገዶ መሬት ላይ አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ አይትከሉ፤ ነጭ ባሕር ዛፍ፣ ብሳና፣ ወይራና ሌላም ይቀላቅሉ። አንድ ተባይ ሁሉንም ሊበላ አይችልም።

የሚጠበቀው ውጤት

ይህ ሁሉ ተደርጎም ክሽክሹ ከላስታ ደጋ አይጠፋም፤ የገባ ተባይ አብሮ ይኖራል፤ ግቡም ማጥፋት አይደለም። ከሦስት ዓመት በኋላ ደብተርዎን ሲገልጡ ሁለት ቁጥር የተሰጣቸው የሐበሻ ጽዶች እየቀነሱ፣ የጥንዚዛና የደረቀ ቀፎ ምዝገባ እየበዛ፣ ከካቡ ሥር የጽድና የወይራ ቡቃያ እየታየ ከሆነ ሥራው ይዟል። ቁጥሩ ከጨመረም ደብተሩ ከየትኛው ጎን እንደጀመረ ይነግርዎታል፤ የሚቀጥለው ዓመት ሥራ ከዚያ ጎን ይጀምራል። የቀደሙት ትውልዶች ጽዱን የጠበቁት የሚያውቁትን አደጋ በመከልከል ነው፤ እነሱ የማያውቁት አደጋ በእኛ ዘመን መጥቷል፣ መከልከያው መንገድም በእኛ ዘመን ታውቋል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ምርመራ ለሚቀጥለው ጥቅምት አያሳድሩት፤ በዚህ ሳምንት ከአጥሩ ይጀምሩ።